የጓሮ ግሪንሃውስ በአዳማ፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ በየግላችሁ የምትጠይቁኝን ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ ተቀምጫለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በቪዲዮ የምታዩት አብዛኛው ግሪንሃውስ፣ ማለትም በላስቲክ ወይም በመስታወት የተሸፈነ የአትክልት ቤት፣ ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር፣ ሙቀት እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። አዳማ ላይ ሙቀት ሞልቶ ተርፎናል። እኛ ቤቱን የምንሠራው ለዝናብ፣ ለተባይና ለጠራራ ፀሐይ ነው። በሉ ጠይቁ፤ በስማችሁ ፋንታ ሰፈራችሁን ወይም ከተማችሁን ጻፉልኝ።

ከፍራንኮ፦ እትዬ፣ ግሪንሃውስ መጀመር ፈልጌ ነበር። እንዴት ነው የሚጀመረው?

መልስ፦ ግቢህ ስንት በስንት ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣልሃል? ምን ልትተክል አስበሃል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ። እንዲሁ በደፈናው ከጠየቅከኝ ከየት እንደምጀምርልህ አላውቅም።

ከቦኩ ሸነን፦ ከግንቡ ሥር 4 በ6 ሜትር ቦታ አለኝ። ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኜ ቲማቲም ልተክል ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ዙሪያውንም በላስቲክ አትሸፍን። ጥያቄህ ጥሩ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ዝቅ ብሎ የተሠራና ዙሪያው የተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ መጋቢት ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ገብተህ ብትቆም መተንፈስ ያቅትሃል። ቲማቲም ደግሞ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ ከቆየበት የአበባው ብናኝ ይበላሻል፤ አበባው አንገቱ ላይ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ቅጠሉ ለምለም፣ ግንዱ ወፍራም፣ ፍሬ ግን የለም። ሰው ይህን ሲያይ ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ዩሪያ ይጨምርበታል። ያኔ ጭራሽ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ላስቲኩ ጣሪያው ላይ ብቻ ይሁን። አራቱም ጎን ተባይ የማያስገባ መረብ ነው። የጎኑ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር ከ50፣ መሐሉ 3 ሜትር ከ50 ይሁን፤ ቤቱ ከፍ ሲል ሙቀቱ ከተክሉ ራስ በላይ ይሰበሰባል። የተሰበሰበው ሙቀት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። በሩን በመክፈት ብቻ አይወጣም፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የጣሪያው ሁለት ተዳፋቶች ጫፍ ላይ እንዳይገናኙ አድርግ። አንደኛው ከሌላው 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ትንሽ ይለፈው፤ በመሐል የሚቀረውን ክፍተት በመረብ ዝጋው።

ክፍተቱ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። ነፋስ በክፍተቱ ፊት ለፊት ከገባ ላስቲኩን ከሥር አንስቶ ይቀድልሃል፤ ከጀርባ መጥቶ በላዩ ካለፈ ግን ሙቀቱን እየሳበ ያወጣልሃል። አዳማ ላይ በበጋ ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ በኩል ነው የሚመጣው፤ ነገር ግን ግንብና ፎቅ አቅጣጫውን ያዞረዋል። ረጅም እንጨት ላይ ቀጭን ጨርቅ አስረህ ጠዋትም ከሰዓትም እየው፤ ከዚያ በኋላ ነው ቋሚ የሚተከለው። ከግንቡም ቢያንስ አንድ ሜትር ራቅ። ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል፣ ነፋሱንም ይከለክልሃል።

ከመብራት ኃይል፦ 4 በ6 ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ የቋሚውን፣ የላስቲኩንና የመረቡን መጠን ይዛችሁ ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።

ከገንደ ሀራ፦ እኔ በፒቪሲ ቱቦ ቅስት አድርጌ ልሠራው ነበር፤ ርካሽ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እዚህ ከተማ አልመክርህም። ከአዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ፒቪሲ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደርቅና ይሰባበራል። የብረት ቱቦላሬ ከቻልክ እሰየው፤ ካልቻልክ የባህር ዛፍ አጣና ይበቃል። አፈር ውስጥ የሚገባውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ አለዚያ ምስጥ ይጨርሰዋል። ዘይቱ ግን ከአትክልቱ መደብ ይራቅ። ብረት ከሆነ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ፊት ነጭ ቀለም ቀባ፤ የጋለ ብረት የነካው ላስቲክ ከሁሉ ቀድሞ እዚያው ላይ ነው የሚቀደደው።

ላስቲኩ የፀሐይ መከላከያ የተቀላቀለበት፣ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነ ይሁን። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ የአዳማን ፀሐይ አንድ ዓመት አይችልም።

ከወንጂ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ከአበባ እርሻ የወጣ አሮጌ ላስቲክ በግማሽ ዋጋ ይገኛል እኮ። ለጀማሪ ምን አነሰው?

ከገንደ ሀራ፦ እኔም ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ በዚያ ነው የሠራው።

ከቦኩ ሸነን፦ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ በግማሽ ዕድሜ መቀየር ምን ትርፍ አለው?

ከወንጂ፦ ሁሉም ሰው እንደ አንተ አዲስ መግዛት አይችልም ወንድሜ።

መልስ፦ ተረጋጉ። አበባ ላይ ለአመዳይ፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ለሚያስመስለው በሽታ፣ ድኝ ይጨሳል፤ ድኝ የጠጣ ላስቲክ ዕድሜው ያጥራል። አቧራ ይዞ የደበዘዘም ከሆነ ብርሃን ይቀንሳል። የኬሚካል ትራፊ ስለሚኖርበት ልጆች ባሉበት ግቢ አይመከርም። መግዛት ያቃተው ሰው ቦታውን ያሳንስ፣ 3 በ4 አድርጎ በአዲስ ላስቲክ ይሥራ።

ከሐዋሳ፦ እትዬ እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ሐይቁ አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ቁስል ጀምሮታል። ማታ እንዳይበርደው ብዬ ዙሪያውን በመጋረጃ እዘጋዋለሁ።

መልስ፦ ማታ አትዝጊው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ከእኛ ብዙም አይለይም፤ ቲማቲምሽ በብርድ አይሞትም። የሚገድለው እርጥቡ አየር ነው። ሌሊት ቅጠል ላይ ያደረ ውሃ ለሻጋታና ለምች ዓይነት በሽታዎች በር ይከፍታል። ከሰዓት በኋላ አታጠጪ፣ ጠዋት ብቻ። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን የታችኛውን ቅጠል ቀንሺ፣ አየር ይለፍ። የታመመውን ቅጠል ለቅመሽ ከግቢ አውጪ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ጣሪያሽ ላይ መውጫ አለው?

ከሐዋሳ፦ የለውም።

መልስ፦ እንግዲያው ከላይ ለቦኩ ሸነኑ የጻፍኩትን አንብቢ። ችግርሽ እሱ ነው።

ከደምበላ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ሃይድሮፖኒክስ፣ ያለ አፈር በውሃ ማብቀሉ፣ ያዋጣል?

መልስ፦ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ፓምፕ ላይ የተንጠለጠለ ተክል ለጀማሪ አልመክርም። መጀመሪያ በአፈር ይልመዱ።

ከሞጆ፦ ለዚህ ብድር የሚሰጥ ተቋም ያውቃሉ?

መልስ፦ ብድር ውስጥ አልገባም።

ከገንደ ሀራ፦ ቲማቲሜ ፍሬው ታችኛው ጫፉ ላይ እየጠቆረ ይሰምጣል። ካልሲየም አንሶት ነው አሉኝ። አመድ ልጨምርበት?

ከወንጂ፦ አዎ ጨምርበት። አያቶቻችን ሁሉ አመድ ነው የሚጨምሩት። አመድ ካልሲየም አለው።

ከሐዋሳ፦ እኔም ጨምሬ ጎመኑ አምሮልኛል።

መልስ፦ አመድ አትጨምሩ። አመድ ካልሲየም አለው፣ እሱ እውነት ነው። አያቶቻችሁም አልተሳሳቱም፤ ኮምጣጣ በሆነው የደጋ አፈር ላይ አመድ መድኃኒት ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ግን በአብዛኛው ወደ አልካላይን፣ የኮምጣጣ ተቃራኒ ወደሆነው፣ ያደላ ነው፣ ካልሲየምም አያንሰውም። አመድ ስትጨምሩበት ይብስበታል፤ ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተውና ለጋው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ይነጣል።

የፍሬው መጥቆር ምክንያቱ ውሃ ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው። ሦስት ቀን አድርቃችሁ አንድ ቀን በባልዲ ካጥለቀለቃችሁት ካልሲየሙ በቅጠሉ በኩል ያልፍና ፍሬው ባዶውን ይቀራል። በየቀኑ፣ በእኩል መጠን፣ ጠዋት አጠጡ። በሙቀት ወራት ፍሬ የያዘ አንድ እግር ቲማቲም በቀን 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 4 በ6 ላይ 45 እግር ቢተከል 90 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜል ሁለት ቀን ያቆያችኋል ማለት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ከላስቲኩ በፊት ሮቶውን አስቡ። በርሜሉን ብሎኬት ላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ የጠብታ መስኖ ከዘረጋችሁ ፓምፕ አያስፈልግም።

ከወንጂ፦ ትንሽ አመድ ግን ምንም አይልም...

መልስ፦ ብያለሁ። ሌላም ምክንያት አለ። ጣሪያ ሥር ያለ አፈር ዝናብ አያጥበውም። ያስገባችሁት ማዳበሪያ ጨው ሆኖ እዚያው ይከማቻል፤ ከጊዜ በኋላ መደቡ ላይ ነጭ ቅርፊት ታያላችሁ። አመድ ሲጨመርበት ጨው በጨው ላይ ነው። በደንብ የበሰለ ፍግ ስጡት፣ ትኩስ ፍግና የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል።

ከመብራት ኃይል፦ ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ መስመር ወጣበት። ምን ልርጭ?

መልስ፦ ቅጠሉን በጥሰህ ወደ ፀሐይ አንሳውና አሻግረህ እየው። በሁለቱ የቅጠሉ ሽፋኖች መሐል አረንጓዴው ተበልቶ እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን ያስተላልፋል፤ ውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ ኩስና ራሷ ትሏ ትታይሃለች። ይህ ቱታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ነው። አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ብዙ መድኃኒት ለምዷል። አሁን ጥቂት ቅጠል ከሆነ መርጨት አትጀምር። የተበላውን ሁሉ ልቀምና ፌስታል ውስጥ አስረህ ፀሐይ ላይ ጣለው፣ በየሁለት ቀኑ ተመልከት። በሩን ሁለት አድርገው፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት።

መረቡ በአንድ ኢንች 50 ቀዳዳ ያለው ከሆነ ነጭ ዝንብንም ይከለክላል፤ የቲማቲም ቅጠል የሚያጥፈውንና የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የምታመጣው እሷ ናት። ግን ይህ መረብ አየርም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ነው የጎኑን ቁመትና የጣሪያውን መውጫ ደጋግሜ የምለው። የዘይት ቢጫ ጀሪካን ቆርጠህ፣ ግራሶ ቀብተህ በተክሉ ቁመት ልክ ስቀል። ነጭ ዝንብ ቢጫ ትወዳለች፣ መግባቷንም እዚያ ላይ ታውቃለህ።

የግድ ከተረጨ ጭምብልና ጓንት አድርጋችሁ፣ የጥቅሉን መመሪያ አንብባችሁ፣ ከመልቀማችሁ በፊት የሚታገሠውን ቀን ጠብቁ። ለቤተሰባችሁ የምታበሉት ነው።

ከደምበላ፦ ኪያር ተክዬ አበባው ብዙ ነው፣ ፍሬው ግን ጣት አክሎ ይደርቃል።

መልስ፦ መረቡ ንብ አያስገባም። ያለ ንብ የሚያፈራ የኪያር ዘር አለ፣ ስትገዙ እሱን ብላችሁ ጠይቁ። ቲማቲም ግን ንብ አይፈልግም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የተንጠለጠለበትን ሲባጎ በዱላ መታ መታ አድርጉት፣ ብናኙ ይወርዳል።

ከፍራንኮ፦ ተመለስኩ እትዬ። 3 በ5 ነው፤ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ ቲማቲም ነው። ዘሩ የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው ይሁን? መቼስ ልዝራ?

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። የመልካሳዎቹ መልካሾላና መልካሳልሳ ጥሩ ዘሮች ናቸው፣ ግን ለሜዳ ናቸው፤ የተወሰነ ቁመት ላይ ሲደርሱ ማደግ ያቆማሉ። ለላስቲክ ቤት ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚያድግ፣ በሲባጎ የሚወጣ ዘር ፈልግ። በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጣውን ቅርንጫፍ እየቆረጥክ አንድ ግንድ ብቻ አሳድግ።

ችግኙን ግንቦት መጀመሪያ ላይ አፍላ። ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሆነው ሰኔ ላይ ታዛውራለህ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መልቀም ትጀምራለህ። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳ ላይ ያለው ቲማቲም በዝናብ የሚታመምበት ጊዜ ነው፤ የአንተ ጣሪያ ዋጋውን የሚያወጣው ያኔ ነው።

ከሞጆ፦ እኔ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ተክሉ ቀጨጨ፣ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል። ሥሩን ስነቅለው ጉብ ጉብ ያለ እብጠት አለው።

መልስ፦ ኔማቶድ ነው፣ በዓይን የማትታይ የሥር ትል። ቲማቲም በቲማቲም ላይ ስለተከልክ ነው። መድኃኒት ፍለጋ አትሩጥ፣ የአዳማና የሞጆ ፀሐይ ይበቃሃል። ሥሩን ሁሉ ነቅለህ አቃጥል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መደቡን ቆፍር፣ በደንብ አጠጣ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ሸፍነህ ጠርዙን በአፈር ዝጋ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። የቤቱን ዙሪያ በላስቲክ መዝጋት የምፈቅደውም በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ትከል፤ ቃሪያና በርበሬ የቲማቲም ዘመዶች ናቸውና አይሆኑም።

ከመብራት ኃይል፦ እትዬ፣ የ4 በ6ቱን ዋጋ ግን በግምት እንኳ...

መልስ፦ ለክተህ ና። የነፋሱንም አቅጣጫ እይ። እስከዚያ ላስቲክ አትግዛ።