ቀለሙ አልደርቅ ላላቸው መምህርት

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ሁለት ደብዳቤዎች ምላሽ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ደሴ ከተማ ውስጥ በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሚሆን 38 ልጆችን አስተምራለሁ፤ ከቀትር በኋላ ካለው ጊዜ አንዱን ክፍለ ጊዜ ለሥዕልና ለእጅ ሥራ መድቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ውሃ ቀለም ስሰጣቸው ወረቀቱ ረስርሶ እስከ ማግስቱ አልደርቅ ይላል፣ ደራርቤ ሳስቀምጠውም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ ስለማይሰማ ማስረዳትም አልችልም። በዚያ ላይ ክፍሌ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች አብረው የሚማሩበት ነውና ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ምን ባሠራቸው ይሻላል? ባለፈው ዓመት ፎቶ ኮፒ የተደረገ የአበባ ሥዕል አድዬ ቀለም ብቻ እንዲቀቡበት አድርጌ ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ጨርሰው መጯጯህ ጀመሩ።
መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ቀለሙ አለመድረቁ የእርስዎም ሆነ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ደሴ ጦሳን ተንተርሳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮት ሥር ሲተኛ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚጠግብ ከወረቀቱ የሚነሣውን ውሃ የሚቀበልበት አቅም አይኖረውም። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ወራት ማንኛውንም ሥራ ከመምረጥዎ በፊት ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ራስዎን ይጠይቁ፤ ብዙ ውሃ የሚፈልገውን ለመስከረም ፀሐይ ያቆዩት።

ውሃ የማይፈልግና ገንዘብ የማያስወጣ መሣሪያ ከሰል ነው። ከቀጭን ቅርንጫፍ የወጣው ለስላሳው ተመርጦ በጣት ቁመት ተሰባብሮ ሲሰጣቸው ልጆች ከእርሳስ ይልቅ በድፍረት ይሥሉበታል፤ ከሱቅ በሚገኝ የካርቶን ጀርባ ላይ ደግሞ ጥቁረቱ ያምራል። ቅር የሚያሰኘው በእጅ ሲነካ መበላሸቱ ነው። ለዚህም ስቡ የወጣለትን ወተት በእጥፍ ውሃ አቅጥነው፣ በመርጫ ጠርሙስ ከርቀት በስሱ ቢያርከፈክፉበት፣ በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲደርቅ ብናኙን ከወረቀቱ ጋር ይይዘዋል። ስስ እርጥበት ስለሆነ እንደ ውሃ ቀለሙ አያስቸግርዎትም።

እኔ ግን ለክረምት ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ ብባል የወረቀት ሽመናን እመርጣለሁ። አንዱ ልጅ ከቤቱ ሰፌድ፣ ሌላው የሞሰብ ክዳን ይዞ እንዲመጣ ያድርጉና ቀለሙ እንዴት እየዞረ እንደሚሄድ፣ አለላው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በጣታቸው እየተከተሉ ይዩት። ቀጥሎ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ባለቀለም ገጾች ቁራጮችን ያዘጋጁ፤ ለ6 ዓመት ልጅ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለ9 ዓመት ልጅ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ሲሸምኑ፣ በመጀመሪያው መስመር ከላይ ያለፈው ቁራጭ በሁለተኛው ከታች ማለፍ እንዳለበት፣ አለበለዚያ ሥራው ሁሉ እንደሚፈታ በራሳቸው ይደርሱበታል። ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች ብለው ቁጥሩን ሲለውጡት ደግሞ ሰያፍ መስመር ይወጣል፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስንደዶና አክርማ የምታውቅ አያት ካለች አንድ ቀን መጥታ ብትሰፋላቸው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ በጆሮ የሚሰማ ሳይሆን በዐይን የሚታይ ትምህርት ስለሆነ የቆርቆሮው ጩኸትም አያግደውም።

ልጆቹ ብሩሽ ካልያዝን ብለው ካስቸገሩዎት ሻማ ወይም ጧፍ ይስጧቸው። በነጭ ወረቀት ላይ የዝናቡን ጅረት በሰም ይሣሉ፤ ሲሥሉ ምንም አይታይም፣ በዚህም ይሥቃሉ። ከዚያ ወፈር ያለ የቡና ውሃ በተጨመቀ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያብሱበት ሰሙ ውሃውን ስለማይቀበል ዝናቡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሥራዎቹን ደርበው አያስቀምጡ፤ ገመድ ዘርግተው በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሏቸው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርዎት ነገር አለ። ወረቀት ለማድረቅም ሆነ ልጆቹን ለማሞቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አያስገቡ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሕፃናትን ከአዋቂ ፈጥኖ ይጥላል።

ወደ ፎቶ ኮፒው ልመለስ። ልጆቹ የሰለቹት ቀለም መቀባቱን ጠልተው አይደለም፤ አበባውን አይቶ፣ መርጦና ወስኖ የሣለው ሌላ ሰው ስለሆነና ለእነሱ የቀረላቸው ከመስመሩ አለመውጣት ብቻ ስለነበረ ነው። በምትኩ አንድ መስኮት ይምረጡ። ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ልጆቹ ከዚያው መስኮት የሚያዩትን በግማሽ ወረቀት ላይ ይሣሉ፤ አንድ ሳምንት ጦሳ በጉም ተውጦ ወረቀቱ ባዶ ሊቀር ነው፣ ሌላ ሳምንት ግማሽ ተራራ ብቻ ይታያል፣ አንዳንድ ቀን በረዶ ጥሎ ግቢው ነጭ ይሆናል። ባዶውን ወረቀት ይዞ የመጣውን ልጅ አይቆጡ፤ ጉሙን በትክክል አይቷል። በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ጉሙ መሳሳት ሲጀምር፣ አደይ አበባ ብቅ ሲል፣ እያንዳንዱ ልጅ የስምንት ወይም የዘጠኝ ሳምንት ሥራ በእጁ ይኖረዋል። አደይ አበባውን ሲያመጡ የቅጠሎቹን ብዛት አይንገሯቸው፤ ራሳቸው ቆጥረው ይሣሉት።

የእንቁጣጣሽ ስጦታ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ወንዶች ልጆች ሥዕል ይዘው፣ ሴቶች አበባዮሽ እያሉ አበባ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩበት ልማድ ዛሬ ሥዕሉን ከሱቅ ገዝቶ ወደ ማደል እያዘነበለ ነውና፣ ልጁ ራሱ ያየውን ጦሳ ለጎረቤቱ ቢሰጥ ልማዱ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ዘመን መለወጫው የሁሉም ስለሆነ በእምነት የሚለይ ልጅ አይኖርም፤ ሴቶቹም ሥዕል ቢይዙ የሚከለክላቸው የለም። መውሊድና አረፋ ግን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ይመጣሉ፣ አንዳንድ ዓመትም ክረምት ላይ ይወድቃሉ፤ የዘንድሮውን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡና ለእነሱም ጊዜ ይመድቡ። ሕይወት ያለው ነገር እንዳይሣል የሚፈልጉ ቤተሰቦች ካሉም ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ሐረግና ጥልፍልፍ ያሠሯቸው። የብራና መጻሕፍቱ ሐረግም ሆነ የመስጊዱ ጌጥ ከአንድ መስመር ተነሥቶ የሚጠላለፍ ስለሆነ ሁለቱንም ወገን እኩል ያስደስታል።

ለዚህ የሚሆነውን ጥቁር ቀለም ከምጣድ ሥር ከሚፋቅ ጥቀርሻና በውሃ ከሟሟ ጥቂት የግራር ሙጫ መሥራት ይቻላል፤ የቤተ ክህነት ጸሐፊም ሆነ በሉሕ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ የሚጽፈው የቁርዓን ተማሪ ከጥቀርሻ የተሠራ ቀለም ያውቃሉና የልጆቹ አያቶች ከእኔ የተሻለ ይነግሩዎታል። (እናቶችን ግን አስቀድመው ያስጠንቅቁ፤ ከነጭ ሸሚዝ አይለቅም።) ለቡሄ ደግሞ ልጆቹ ወረቀቱን በክሬየን በደማቁ ሞልተው፣ ጠብታ ሳሙና የተጨመረበትን ይህን ጥቁር ቀለም ከላይ ቀብተው፣ ሲደርቅ በስንጥር ቢጭሩት ከጨለማው ውስጥ የችቦ ብርሃን ይወጣል። ችቦ የማይለኩስ ቤት ልጅ የምድጃውን እሳት ይሣል። ሳሙናው ከሌለ ቀለሙ በሰሙ ላይ እየተንከባለለ ያስቸግራል።

ጊዜ ከተረፈዎት ብርሃን የሚያሳልፉ የከረሜላ መጠቅለያዎችን በጥቁር ካርቶን ፍሬም ላይ አጣብቀው መስኮት ላይ ይለጥፉ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕልም የሚያምረው ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ስትሥል ሰማዩን ከወረቀቱ አናት ላይ እንደ ቀበቶ ታደርገዋለች፣ መሬቱን ከታች፣ መሐሉን ባዶ። እኔን ደግሞ ከቤቱ አስበልጣ ትሥለኛለች። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ስህተት ብላበት ልጅቷ ወረቀት መንካት አቆመች። ላርማት ወይስ ልተዋት?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ይተዋት እንጂ ዝም አይበሏት። ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ሰማይን የሚሥሉት እንደዚሁ ነው፤ ሰማይ ላይ ነው፣ መሬት ታች ነው፣ መሐል ያለው እኛ የምንቆምበት ነው ብለው ስለሚያስቡ። በሌላ ዕድሜ ሰማዩን እስከ መሬት ማውረዱን ራሷ ትጀምረዋለች። ትልቅ አድርጋ መሣሏም እርስዎ ከቤቱ የሚበልጥ ቦታ እንዳለዎት መንገሯ ነው። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ዋናው ሰው ከሌሎቹ ገዝፎ ይሣላል፤ ያንን በቀይ እስክሪብቶ ያረመ የለም።

አስተማሪዋን በአክብሮት አነጋግረው፣ አስተያየት ካላት በሥዕሉ ላይ ሳይሆን በቃል እንድትነግራት ይጠይቋት። ቤት ውስጥ ደግሞ "ይህ ምንድን ነው?" ከማለት "እስቲ ስለዚህ ንገሪኝ" ቢሏት መልሱ ይረዝማል። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ብላ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና ሞቅ የምትል ስለሆነች፣ ከሐረጎ ዳገት በላይ ደሴ ያሉት መምህርት የማይችሉትን እርስዎ ይችላሉ፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ውሃ ቀለሟን በረንዳ ላይ ያውጡላት። የሣለችውን ሁሉ ቀኑን በጀርባው ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቀዩ ምልክት ያለበትንም ጭምር።