እብጠቱ ሲጎድል መድኃኒቱን ተወችው

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ወደ ማታ እግሯ እያበጠ ጫማ እምቢ ይላት ጀመር። ጎረቤቱም እኛም የድሬን ሙቀት ወቀስን። በኋላ ግን ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት፣ ሌሊት እየተነሳች መስኮት ከፍታ መቀመጥ አመጣች። ሐኪም ቤት «የልብ ድካም ነው» ብለው መድኃኒት ጀመሩላት። እብጠቱ ሲጎድል «ድኛለሁ፤ ደግሞም ገበያ ላይ ሽንት አላስቀምጥ አለኝ» ብላ ተወችው። ልቧ ሊቆም ነው ማለት ነው? ከምንስ መጣባት?
ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መድኃኒቱ። ሳትውዪ ሳታድሪ እናትሽን ወደ ሐኪማቸው መልሻቸው። እብጠቱ የጎደለው ልባቸው ድኖ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ስላስወጣው ነው። ሲቋረጥ ውሃው ይመለሳል። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የሽንቱን ነገርም ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ከገበያቸው ጋር ማስማማት ይቻላል። ይህን የሚጠይቃቸው አጥተው ስንት ሰዎች መድኃኒት ሲያቋርጡ አይቻለሁ!

ልባቸው ሊቆም ነው ማለት አይደለም። ይመታል፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ነው ያቃተው። የልብ ግራው ክፍል ሲደክም ከሳንባ የሚመጣው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ሌሊት መስኮት ያስከፈታቸው ይህ ነው። ቀኙ ሲደክም ደግሞ እግርና ሆድ ያብጣል። ቀኙን በብዛት የሚያደክመው የግራው መድከም ስለሆነ፣ እናትሽ ላይ ሁለቱም ያሉ ይመስለኛል። ሙቀትም እግር ያሳብጣል፤ እውነት ነው። ግን ሙቀት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ አሳጥሮ ትራስ በትራስ ላይ አያስደርብም።

ኤኮ የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ ተሠርቶላቸው ከሆነ ወረቀቱን ፈልጊ። የግራው ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚያስወጣ ተጽፎበታል። 40 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ የመግፋት አቅሙ ቀንሷል። 50ና ከዚያ በላይ ሆኖም የልብ ድካም ይኖራል፤ ጡንቻው ደንድኖ መላላት ስላቃተው በደንብ አይሞላም። ከ41 እስከ 49 ያለው መካከለኛው ነው። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ፣ «የልብ ድካም» ተብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «የትኛው? ከምን የመጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መንስኤውን ሳላያቸው ልነግርሽ አልችልም። በእሳቸው ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ነው፤ ቀጥሎ የልብ ደም ሥር መጥበብና ስኳር። ጫት ይቅማሉ? በእኛ በኩል ይህ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋልና። ወጣት ቢሆኑ ኖሮ የምጠይቀው ስለ ልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነበር፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ድካም የሚዳርገው ከእሱ ተነሥቶ ቫልቭ (የልብ በር) የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሌላም አለ፤ በቅርቡ የወለደች ሴት ትንፋሽ አጥሯት እግሯ ሲያብጥ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ አደራ። ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ድካም አለ።

ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ እየተጠራቀመ ነው፤ ለሐኪማቸው ደውሉ። ጨው ቀንሱ፤ ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ላይ የሚጨምሩ ከሆነም ይቅር። ለጉልበት ሕመም ብለው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይገዙ፤ ውሃ በሰውነት ያስቀራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ሙቀቱ በርትቶ ብዙ ካላባቸው ወይም ተቅማጥ ከያዛቸውና ሲነሱ ካዞራቸው፣ የውሃ ማስወጫው መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪሙ አሳውቂ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።