ውሻችንን ይዘን እንምጣ? ሪዞርት ለምትሄዱ የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ሰሞን አንዲት እህት «ለቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ ልንሄድ ነው፤ ውሻችንን ያስገቡልናል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ጥያቄ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው እየተከተለ ይኸው እዚህ ደረስን። በሐይቅ ዳር ሪዞርቶች 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስድስቱን ክፍል ሳጸዳ፣ የቀረውን ሪሴፕሽን ላይ። ጉዳዩን ከአልጋ ሥርም ከባንኮኒ ጀርባም ስላየሁት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ሳታንዛዢ በአጭሩ ንገሪን። ሪዞርት ውሻ ማስገባት አለበት ወይስ የለበትም?

የተዘጋጀ ያስገባ። ያልተዘጋጀ በግልጽ «አይቻልም» ይበል። የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው፤ «ኑ፣ ስትመጡ እናያለን» የሚለው። ስልክ ላይ «ችግር የለም» ይባላል። በር ላይ ጥበቃው ያቆማል። ማናጀር ይጠራል። መኪና ውስጥ ልጅ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ የሚገባው ውሻው ጨዋ የሆነለት ሳይሆን ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ነው። ጎረቤት ክፍል ያለው እንግዳ ደግሞ ውሻ መኖሩን የሚያውቀው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲጮህበት ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ውሻ የእጅ ቦርሳ የምታክል ናት። ሰው ነክሳ አታውቅም። ለምን ትከለከላለች?

እህቴ፣ ይህን ስሰማ አንድ ቅዳሜ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ገና ክፍል አጸዳለሁ። አንድ ቤተሰብ ነጭ፣ ፀጉራም፣ ትንሽ ውሻ በፎጣ ጠቅልሎ አስገብቷል። ሪሴፕሽን አላየም፤ ወይም አላየሁም ብሏል። እነሱ ምሳ ወጡ። እኔና ባልደረባዬ አንኳኳን፣ መልስ የለም፣ በማስተር ቁልፍ ከፈትን። አንሶላው መሬት ወርዷል። ባልደረባዬ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ከአልጋው ሥር ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ስሊፐር ነበር ያደረገችው። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ሁለት ነጥቦች ብቻ ነው። ደም እንኳን በደንብ አልወጣም።

ውሻው ክፉ ሆኖ አልነበረም። የማያውቀው ቤት ውስጥ ብቻውን ተትቷል፣ የማያውቀው ሰው በር ከፍቶ ገብቷል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፤ እሱም ክፍሉን የጌታው ቤት አድርጎት ነው የጠበቀው። ቤት ውስጥ ነክሶ የማያውቅ ውሻ ሆቴል ውስጥ ሌላ ውሻ ሊሆን ይችላል። ትንሽነቱ ጥርሱን አያስቀርም።

ባለቤትየዋ «ተከትቧል» አለች። ወረቀቱስ? ቤት ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! ባልደረባዬ ለባጃጁም ለጤና ጣቢያውም ከኪሷ ከፈለች። ማናጀሩ «እንግዳ እንዳናስቀይም» ብሎ ዝም አስባለን። ሪዞርቱን አልጠራውም፤ አሁን አሠራሩን ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ያን ያህል ያስፈራል? ሁለት ነጥብ ቁስል እኮ ነው።

ያስፈራል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ በኩል ናቸው። እኛ አገር ደግሞ በሽታው አለ።

ስለዚህ ሪዞርት ላይ የምትሠሩ ይህን ያዙልኝ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ቧንቧ ሥር ስትቆሙበት ረጅም ነው። ከዚያ ጤና ተቋም። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ በተለያዩ ቀናት መመላለስ አለ። በርበሬ፣ ቡና፣ የባህል መድኃኒት እያላችሁ ቀን አታባክኑ።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። የነከሰው ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ 10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። እንግዳው ግን እሁድ ቼክ አውት አድርጎ ሄዷል። ውሻውን ማን ይከታተለው? ስለዚህ ሪሴፕሽን ላይ ሲገባ ነው የባለቤቱ ስልክና የክትባት ደብተሩ ፎቶ መያዝ ያለበት። ደብተር ከሌለ ውሻው አይገባም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጥያቄ፦ ክፍል የሚያበላሽ ከሆነ እንከፍላለን። ማስያዣ ያስይዙን፣ አለቀ።

ወንድሜ፣ ገንዘቡ የሚገባው ለካሸር ነው። ፀጉሩን ከብርድ ልብስ ላይ በእጇ የምትለቅመው ሌላ ሰው ናት። ተራ ክፍል ጨርሼ ወጥቼ ቀጣዩን በምጀምርበት ሰዓት፣ ውሻ ያደረበት ክፍል ውስጥ ገና መጋረጃ እያወረድኩ ነበር። የምደርስበት የክፍል ብዛት ግን አልተቀነሰልኝም።

ሽንት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ላይ ላዩን ታጥቦ የጠፋ ይመስላል፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ሽታው ይመለሳል። አሞኒያ ባለው ማጽጃ ካጠባችሁት ደግሞ ባሰ። ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚመሳሰል የሚቀጥለው ውሻ «ለካ እዚህ ነው» ብሎ እዚያው ላይ ይደግመዋል። የሚሠራው የኢንዛይም ማጽጃ፣ ማለትም ሽንቱን ራሱን የሚያፈራርሰው ዓይነት ነው፤ እሱን የሚገዛ ሪዞርት ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

እኔ ባለቤት ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ዳር ላይ ያሉ፣ በራቸው በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት ሦስት አራት ቤቶች እለያለሁ። ወለላቸው ሴራሚክ፣ ምንጣፍ የሌለው። ውሻ የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። የውሻ ፀጉርና ምራቅ የሚያስነጥሰው፣ አስም ያለበት እንግዳ እነዚያ ቤቶች አይሰጡትም፤ አለርጂ የሚያመጣው ነገር አንዴ በመጥረግ አይወጣምና። ከሚከፈለው ተጨማሪ ላይ ደግሞ ድርሻው ለምታጸዳው ልጅ በስሟ ይሰጣት።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ውሻ የተኛበት አልጋ ላይ መስገጃዬን ዘርግቼ ይሆናል ብዬ ማሰብ ይከብደኛል። ይህ ከግምት ይገባል?

መግባት አለበት። የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው ብሎ ለሚጠነቀቅ ሰው፣ በተለይ ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ እንዳለበት ለሚያምን ሰው፣ «በደንብ ጸድቷል» ማለት መልስ አይሆንም። ኦርቶዶክሱም ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዝም አይልም። ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ ውስጥ፣ ቀን ታስሮ ማታ ተፈትቶ እንጂ ሳሎን ውስጥ አይደለም። ክፍሎቹ ይለዩ የምለው አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው። ስትይዙ ጠይቁ፤ ሪሴፕሽኑ በእርግጠኝነት ሊመልስላችሁ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዋና ገንዳ ውስጥስ?

አይ።

ጥያቄ፦ ውጭ መስኩ ላይ በነፃነት ቢሮጥ ምን አለበት? ለዚያ ብለን አይደል ከተማ የምንወጣው።

አዲስ አበባ አፓርታማ ውስጥ ያደገ ውሻ ላንጋኖ ሲደርስ እብድ ይላል፤ ደስታው ያስቃል። ግን ገመዱን አትፍቱ። ላንጋኖ ዝንጀሮ አለ፣ ከርከሮ አለ። ወንድ ዝንጀሮ ክራንቻውን አይታችሁታል? ሐዋሳ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ከዛፍ ወርደው ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ይመጣሉ። ውሻው ሲያባርር ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ የሕፃኑ ጋሪ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አባ ኮዳው ደግሞ ቆሞ ያያል፤ ምንም አይመስለው።

ማታ ጅብ አለ። ብዙ ቦታ ከአጥሩ ማዶ ድምፁን ትሰማላችሁ። በረንዳ ላይ የታሰረ ውሻ ለእሱ እራት ነው። አርባ ምንጭ ከሆነማ ጫሞና አባያ ዳር ውሻ ውሃ ጠጣ ብሎ መልቀቅ ለአዞ መስጠት ነው። የሰፈሩ ውሾችም አሉ፤ ያልተከተቡ፣ ክልላቸውን የሚያስከብሩ። የእናንተን ባለ ሹራብ ውሻ እንደ ዘመድ አይቀበሉትም።

ጥያቄ፦ ባሌ ተራሮች ሎጅ ልንሄድ ነው። እዚያስ?

እዚያ ፈጽሞ አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ እዚያው ባሌ ነው። እዚያ በተደጋጋሚ የጨረሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ በ2003፣ እንደገና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጃቸው። በ2003 እዚያው ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አራት እጅ ሦስቱ ያህሉ አለቁ። ሌላም በሽታ አለ፣ ዲስቴምፐር የሚባል፤ እሱም ከውሻ ነው። የእናንተ ተከትቦ ሊሆን ይችላል። እረኛው አጠገብ ያለው ውሻ ግን አልተከተበ ይሆናል፤ ከእሱ ጋር ተሻሽቶ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ቤት ይቅር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ ውሻ የማያስገባ ሆቴል ነው የሚያስገርመን። ኢትዮጵያ ስመጣ ይዤው ልምጣ?

እናንተ ጋ እውነት ነው፤ ውሻ የሚያስገቡ ብዙ ሆቴሎች አሉ። ግን ሁለት ነገር አታምታቱ። የቤት ውሻን ማስገባት የሆቴሉ ፈቃድ ነው። አካል ጉዳተኛን እንዲረዳ የሠለጠነ ውሻን ማስገባት ግን የአሜሪካ ሕግ ግዴታ ነው። ያውም ሠራተኛው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ ማለት የለም፣ ማስከፈል የለም። «ስሜቴን ያረጋጋልኛል» የሚባለው ውሻ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም። እኛም ጋ ዓይነ ስውር እንግዳ መሪ ውሻ ይዞ ቢመጣ፣ ከላይ ያልኩት የክፍል መለየት እንኳን ሳይነካው መግባት አለበት ባይ ነኝ። እሱ ዓይኑ ነው።

ስለ መምጣቱ፦ መግባቱ ሳይሆን መመለሱ ነው ጣጣው። ኢትዮጵያ አሜሪካ ውስጥ በእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተመድባለች። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ቅጽም ይሞላለታል። እዚያ የተከተበ ከሆነ የክትባት ማረጋገጫውን ከአሜሪካ ከመነሳታችሁ በፊት በአሜሪካ መንግሥት አጸድቃችሁ ያዙ። ቦሌ ደርሳችሁ ካስታወሳችሁት ረፍዷል።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ውሻቸውን ይዘው አገር ለአገር ይዞሩ አልነበር? እኛ ላይ ምን ነካ?

ሉሉን ማለትህ ነው። ችዋዋው፣ ያ ድንክ የውሻ ዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ ድረስ አብሯቸው ሄዷል። አንተም ንጉሥ ስትሆን ሪሴፕሽን ላይ ማንም አይጠይቅህም። እስከዚያ ደብተሩን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቤት ትተነው ብንሄድስ? አንጀታችን አልቻለም።

ለሁለት ሌሊት ከሆነ ብዙ ውሻ የሚመርጠው ይህንን ነው። የለመደው ግቢ፣ የለመደው ሳህን፣ የሚያውቀው ሰው። ጎረቤት ወይም ዘበኛ ይበቃል። የሚበላውን ለክታችሁ ተዉ። ቸኮሌት እንዳይሰጡት ንገሩ፤ ለውሻ መርዝ ነው። የሐኪሙን ስልክ በር ላይ ለጥፉ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ እህትም መጨረሻ ላይ እንደዚያ አደረገች። ለሁለት ቀን የሚሆን ሥጋ ገዝታ ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። እሁድ ማታ ሲመለሱ ውሻው በር ላይ ቆሞ እንደ ወትሮው ዘለለባቸው። ፍሪጁ ባዶ ነው። ዘበኛው «ደህና በልቷል» አላቸው፤ ውሻው ግን ሳህኑን እየላሰ እሱን ያየዋል አሉ።