«ይማርዎ» ብሎ መጻፍ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዬ አልጋ ከያዙ ሰነበቱ። በደብዳቤ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ልላቸው ስል ጓደኛዬ «ምን በድለው ነው የሚማሩት? ፈጣን ማገገም እመኝልዎታለሁ በል» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «ይማርዎ» በላቸው። ጓደኛህ ግን ብቻውን አይደለም። «ይማርህ ማለት ሕመምን የኃጢአት ቅጣት ማድረግ ነው» የሚሉ አዋቂዎች አሉ። የዛሬውን «ማረ» ብቻ ይዘው ነው። ዛሬ የሚምር ዳኛ ነው፣ የሚማረው እስረኛ። የግእዙ «መሐረ» ግን ከሁሉ በፊት «ራራ፣ አዘነ» ነው። «መሐረነ አብ» የሚል ሰው «ራራልን» እያለ ነው። ለመሆኑ ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የምንለው የትኛውን ኃጢአቱን ቆጥረን ነው? ደግሞስ ደብዳቤህ ራስጌ ላይ ዓ.ም. ብለህ ቀን ትጽፍ የለ? እሱም «ዓመተ ምሕረት» ነው።

ከነካካነው አይቀር፣ ይህ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ነው። አስተማሪህን «መምህር» ያሰኛቸው «መሀረ» ደግሞ በሃሌታው ሀ። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥል አንዱ «ማረ»፣ ሌላው «ተማረ» ሆነና «ይማር» ላይ ተገናኙ። የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ያንን አያሳይም። «ነፍስ ይማር»ን አጥብቀህ ካነበብከው ነፍስ ትምህርት ቤት ገባች ማለት ነው። (እሱን ለሕመምተኛ እንዳትጽፍ አደራ!) ስለዚህ «ምህረት» ተጽፎ ሳይ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። አዎ፣ ጋዜጣውም ስልኩም እንዲያ ይጽፋል፤ አንባቢም አልተቸገረም። እኔ ግን በሐመሩ እጽፋለሁ።

«ፈጣን ማገገም»ን አልወደውም። ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ የመጣ ነው። ማገገም ቀስ በቀስ ነው፦ ዛሬ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ፣ ነገ አጥሚት ፉት ማለት፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ እስከ በር። ፈጣንስ ፈረስ ነው። ግን በየካርዱና በየፌስቡኩ ሞልቷል፤ ስሕተት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። «ቶሎ ይሻልዎ» ቢሉ ምን ነበረበት? አስተማሪህ ሙስሊም ከሆኑም «አላህ ያሽርዎ» የሚል ያማረ አማርኛ አለልህ።

«ይማርዎት» ቢባልስ? ለጆሮዬ ት ትርፍ ናት። ብቻ ደብዳቤህን «እንዴት ነዎት?» ብለህ መጀመርህ አይቀርም፤ እዚያ ላይ እኔም አልጥላትም።