የበር ቁልፍ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል? (ጥያቄና መልስ)

ፒያሳ አካባቢ ቁልፍ ስገጥምና ስቀይር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «በሩን ማን ነው የሚከፍተው?» ብዬ እጠይቃለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ገባሁ። የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ አስቀርጾ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሰረገላ ቁልፉን በሙሉ ልቀይረው?

አያስፈልግም እህቴ። ሰረገላው ደህና ከሆነ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚሰካበትን መሃለኛ ክፍል ብቻ ቀይሪው። አከራይሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በሩን ከፍተሽ ጠርዙን እዪው። በቁልፉ ቀዳዳ ትክክል አንድ ረጅም ብሎን አለ፤ በካቻቢቴ ፍቺው። ቁልፉን ሰክተሽ በትንሹ አዙሪ። መሃል ያለችው ጥርስ ከሲሊንደሩ ጋር ስትስተካከል ተንሸራቶ ይወጣል። አሮጌውን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፣ በግምት አትግዢ። ልኩ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚለካው፤ 30 በ30 ወይም 35 በ35 ሚሊ እንደሚሉት። በውጭ በኩል ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ በላይ ተርፎ እንዳይወጣ። ከወጣ ሌባ በፒንሳ ይዞ ይሰብረዋል። ብሎኑ የሚገባበት ቦታ ቀጭን ስለሆነ እዚያው ላይ ነው የሚቆረጠው።

ጥያቄ፦ እናቴ አራት ኪሎ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ማታ ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን እዚያው ሰክታ ትተኛለች። እኔ ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። በተለመደው ሲሊንደር ቁልፉ ከውስጥ ከተሰካ ያንተ ቁልፍ ከውጭ አይሠራም። አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ቤት ተጠርቼ ሄጃለሁ። እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል። ልጆቹ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል። የእናትየው ድምፅ ይሰማል፣ ቁልፉ ግን አልዞር አለ። በሩ በጣም ጠንካራ ነበር፤ እሱን ሰብሬ እስክገባ ያለቀው ጊዜ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለእናትህ ሁለት ምርጫ አለህ። አንደኛው ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶም ከውጭ የሚከፈት ሲሊንደር ነው። ባለሱቁ «ይሠራል» ስላለህ ብቻ አትውሰድ። እዚያው ባንኮኒው ላይ አንዱን ቁልፍ በአንድ ወገን ሰክተህ ትንሽ አዙረው፣ ሌላውን በሌላው ወገን ሞክር። ከዞረ ውሰደው። ሁለተኛው ከውስጥ በጣት የሚዞር ማዞሪያ ያለው ነው። እኔ ለትልቅ ሰው ይህን እመርጣለሁ። እሳት ቢነሣ በጭስና በጨለማ ቁልፍ መፈለግ አይኖርባቸውም። በሩ መስታወት ካለው ግን ተወው፤ ሌባ መስታወቱን ሰብሮ እጁን ያስገባል። አንድ ነገር እንዳትረሳ፦ ከውስጥ የሚገፋ መቀርቀሪያ ካለ የትኛውም ሲሊንደር አያስገባህም። እናትህን በደንብ አስረድተህ አስነሣው።

ጥያቄ፦ ለሱቄ ትልቅ ጓጉንቸር ገዛሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ጓጉንቸሩን ተዉትና የሚንጠለጠልበትን ቀለበት ይመልከቱ። ቀጭን ላሜራ ላይ በሁለት ነጥብ ብየዳ የተያያዘ ከሆነ ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካም፣ ቀለበቱን ነው የሚገነጥለው። ወፍራም ብረት ዙሪያውን ያስበይዱ። የጓጉንቸሩ ቅስት አጭር ይሁን፤ መቁረጫ የሚገባበት ክፍተት አያገኝም።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በቀን የማከራያቸው ሁለት ክፍሎች አሉኝ። ዲጂታል ቁልፍ ላስገጥም? መብራት ሲጠፋስ?

ለአንቺ ይሆናል። እንግዳ ሲወጣ የሚስጥር ቁጥሩን ትቀይሪያለሽ፣ ቁልፍ ጠፋ የሚባል ነገር የለም። አብዛኞቹ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ የመብራት መጥፋት አይነካቸውም። ባትሪው ሲያልቅ ከውጭ ለጊዜው ኃይል የሚቀበል ወይም በተጨማሪ ተራ ቁልፍ ያለው ምረጪ። ሁለቱም ከሌሉት አትግዢው።

ጥያቄ፦ በሩን ገጭ አድርጌ ዘግቼ ብወጣ ተቆለፈ ማለት ነው?

አይደለም። ያ በስፕሪንግ የሚመለስ ምላስ ነው፣ በላስቲክ ካርድ ሊገፋ ይችላል። ቁልፉን አዙረው፤ ሁለት ጊዜ የሚዞር ከሆነ ሁለት ጊዜ።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲመጣ ቁልፌ አልዞር ይላል። ዘይት ላድርግበት?

የምግብ ዘይት በፍጹም! አቧራ ይዞ ይደርቅና ጨርሶ ያበላሸዋል። መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርገህ ቁልፉን አዙረው። ያኔ ከዞረ ቁልፉ ጤነኛ ነው። እንጨቱ በእርጥበት አብጧል ወይም ማጠፊያው ላልቷል ማለት ነው፤ አናጺ ጥራ። ክፍት ሆኖም ካስቸገረ የቁልፉን ጥርስ በጥቁር እርሳስ በደንብ ቀባውና ደጋግመህ ሰካው፣ አውጣው።