ከግርጌው ስማችሁን ጻፉበት

ልጆቼ፣ በተለይ ቅርጻ ቅርጽ የምትማሩት፣ ዛሬ ስለ ችሎታ አላወራችሁም። ለሱ አስተማሪዎቻችሁ አሉ። እኔ ስለ ስምና ስለ ቁጥር ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ውስጥ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሰው ያልኖረበት አፓርታማ ሲፈተሽ ጨርቅ የለበሰ የነሐስ ቅርጽ ተገኘ። የፈረንሳዊቷ ቀራጭ የካሚል ክሎዴል ሥራ ነው። አሮጊት የምትጎትተው ሰውዬ፣ ከኋላው ደግሞ ተንበርክካ የምትለምን ወጣት። በዓመቱ ኦርሌአን ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ አለፈ። ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። የኔ ዓይን ግን ግርጌው ላይ ቀረ፦ ፊርማዋ፣ በነሐስ ያስወጣው «ኤዤን ብሎ» የሚባለው ሰው ስም፣ እና 1 ቁጥር። በ1907 ከወጡት ቅጂዎች የመጀመሪያው እሱ ነበር።

ምልክት ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የበለጠ የሚያሳየው ቀደም ያለ ሥራዋ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ከካሊዳሳ የሕንድ ተውኔት ሻኩንታላን አንስታ ሠራች። ንጉሡ ያገባትን ሻኩንታላን በእርግማን ይረሳታል፤ የሰጣት ቀለበት ውሃ ውስጥ ወድቆ ከዓሣ ሆድ ሲገኝ ነው ትዝ የምትለው። ክሎዴል የመረጠችው ሲገናኙ ያለውን ነው፤ እሱ ተንበርክኮ፣ እሷ ወደሱ ዘንበል ብላ፣ አንድ ክንዷ ዝሎ። የጀሶ ሥራው በ1888 «የፓሪስ ሳሎን» በሚባለው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ በክብር ተጠቀሰላት። በኋላ በ1905 በእብነ በረድ ሲወጣ «ቬርቱምኑስና ፖሞና» ተባለ፣ በነሐስ ደግሞ ሌላ ስም ወጣለት። አንድ ሥራ፣ ሦስት ስም! መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው በየት በኩል ይያዘው? እሷን እንዳይጠይቅ፣ በ1913 የአእምሮ ሕሙማን ተቋም አስገቧት፣ በ1943 እስክትሞት አልወጣችም።

ስለዚህ ሥራችሁ ወደ ነሐስ ሳይለወጥ፣ ገና ሰም እያለ ፈርሙ። ሰም ላይ በሚስማር ጫፍ ይበቃል፤ ብረት ከሆነ በኋላ መሮ ይዛችሁ ስትታገሉ ሥራውን ታበላሹታላችሁ። ዓመቱን፣ ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ ጻፉ። ከታች በኩል ፎቶ አንሡት። ፊቱንማ ሁሉም ያነሣዋል።

ይህን የምለው አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ከልብ ወለድ ያነበብኳትን አንዲት ልጅ በነሐስ ሠርቼ ነበር፣ ቁመቷ ክንድ የማትሞላ፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች፣ ነጠላዋ ላይ ያለው እጥፋት ብቻ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ። መፈረም ጉራ መስሎኝ ተውኩት። አጎቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ዓመታት ተቀመጠች። አጎቴ ሲያርፉ ቤቱ ጸዳ፣ እኔ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ስመለስ ልጃቸውን ጠየቅኳት።

«ውይ፣ ያ ናስ ያንተ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ከብረት ድስቱ ጋር ለቆራሌው ሰጠሁት እኮ፣ አንድ ላይ መዘነው።»