«ብረት ከገባልኝ አምስት ወር ሊሞላ ነው፤ በእግሬ መርገጥ ግን እፈራለሁ»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ፌራዮ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ጥር ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ላይ ፌሮ ሳስር መወጣጫው ከዳኝና ወደቅኩ። ከጉልበቴ በታች ያሉት ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። በኦፕሬሽን ብረት ገባልኝ። ቁስሉ ድኗል፤ እስካሁን ግን እግሬን አንጠልጥዬ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ ራጁን አይቶ «መርገጥ ጀምር» ብሎኛል። እኔ ግን ብረቱ የሚታጠፍ እየመሰለኝ አልደፈርኩም። ጭኔ ቀጥኗል፤ ቁርጭምጭሚቴ ደርቋል፤ ማታ ማታ ያብጣል። ሌሊት ስወድቅ እያየሁ እባንናለሁ። እናቴ ከገጠር መጥታ «ወጌሻ ጋ እንሂድ፣ ይታሽ» ትለኛለች። ድርጅቱ ሁለት ወር ከከፈለኝ በኋላ አቁሟል። ካቦው «የቀን ሠራተኛ ነህ፤ ከዚህ በላይ አይመለከተንም» አለኝ። ወደ ሥራዬ እመለስ ይሆን?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ከጻፍከው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እግርህን እስካሁን አንጠልጥለህ መሄድህ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከሕንፃ የወደቁ ብዙ ሠራተኞችን አግኝቻለሁ። ፎቅ ላይ እንደ ልቡ ይሄድ የነበረ ሰው መሬት መርገጥ ሲፈራ አያስገርመኝም። ግን ሐኪምህ ራጁን አይቶ ርገጥ ካለህ፣ አሁን የቀረህ ትልቁ ሕክምና እሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስብራት ብዙ ጊዜ የሚጠገነው በአጥንቱ ውስጥ ለውስጥ በሚገባ ዘንግ ነው። አርማታው እስኪጠና ድጋፉ እንደማይነቀል ሁሉ፣ ዘንጉም አጥንቱ እስኪጠና ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ልዩነቱ፣ አጥንት የሚጠነክረው ልክ ያለው ጭነት ሲያርፍበት መሆኑ ነው። ካንጠለጠልከው አጥንቱም ይሳሳል፣ ጡንቻውም ይሟሟል። የቅልጥም አጥንት ለመያዝ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ ሲሰበር ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ አንተ ወደ ኋላ ቀርተሃል ማለት አይደለም።

ሐኪምህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ስንት ኪሎ ላሳርፍበት? ወይስ የቻልኩትን ያህል?» ከዚያ የሰው ሚዛን ፈልግ። ጤና ጣቢያ አለ፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችም አሉ። ክራንቹን ይዘህ የታመመውን እግር ሚዛኑ ላይ አሳርፍና ቀስ ብለህ ተጫን። ለምሳሌ 20 ኪሎ ካለህ፣ ያ ምን ያህል እንደሆነ እግርህ ይወቀው። ብርቱ ሕመም ከሌለው በየጥቂት ቀኑ ጨምር። ስትራመድ ተረከዝህ ይቅደም። አንዱን ክራንች የምትተውበት ቀን ሲመጣ፣ የቀረውን በደህናው እግር በኩል ያዝ፤ አብዛኛው ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ስትወርድ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ። ክረምት እየገባ ስለሆነ የክራንቹን ጎማም እየው። ካለቀ ዛሬውኑ ቀይረው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያንሸራትታል።

ቁርጭምጭሚትህን ችላ እንዳትለው። እሱ ካልታጠፈ ሽንት ቤት መቀመጥም፣ ቁጢጥ ብሎ ፌሮ ማሰርም አይሆንልህም። እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ። ነጠላ በውስጥ እግርህ ፊት በኩል አዙርና ወደ ራስህ ሳብ፤ ባትህ ሲወጠር 30 ሰከንድ ያህል ቆይ። ለጭንህ ደግሞ ጋቢ ጠቅልለህ ከጉልበትህ ሥር አድርግ፤ ጋቢውን በጉልበትህ እየተጫንክ ጭንህን አጥብቅ፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ ልቀቅ። ሁለቱንም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ደጋግመህ ሥራቸው።

የማታው እብጠት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ተኝተህ እግርህን ከደረትህ ከፍ ስታደርገው ይቀንሳል። ነገር ግን ባትህ ሞቆ በሕመም ከተወጠረ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረህ፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሳታድር ድንገተኛ ክፍል ሂድ። መግል፣ ትኩሳት፣ ወይም ስብራቱ ቦታ ላይ እየባሰ የሚሄድ አዲስ ሕመም ካየህም ቀጠሮህን አትጠብቅ።

እናትህን አትቆጣት። ልጇ ሲያነክስ እያየች ዝም ማለት አትችልም። ግን ብረት የገባበት፣ ገና እየያዘ ያለ አጥንት አይታሽም። ስብራት በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም መዘዋወር ተከልክሎ እግር እስከመቆረጥ የደረሱ ሰዎች በየሆስፒታሉ አሉ፤ ልጆችም ይገኙባቸዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሃት ሂድ፤ ሐኪሙ ራጁን ያሳያት፤ እሷም የልቧን ትጠይቀው። እቤት ደግሞ የእሷ እጅ ያስፈልግሃል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አብሽም ቢሆን ከእጇ ብላ። የምትጾም ከሆነ የንስሐ አባትህን አማክር። ሲጋራ ካለ ግን አቁም፤ የአጥንት መያያዝን ያዘገያል።

ካቦው የነገረህ ትክክል አይደለም፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። በቀን ተከፋይ መሆንህ ይህን አያስቀርም። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። መሥራት እስካልቻልክ ድረስም እስከ አንድ ዓመት ይከፈልሃል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ስለዚህ የሦስተኛው ወር ሙሉ ክፍያ ቀርቶብሃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውም እንዲሁ። በሕክምና ማስረጃህ ላይ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑና ቀኑ መጻፉን አረጋግጥ። አብረውህ የነበሩትን ሰዎች ስልክ ያዝ። ጥያቄህን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርብና በእጅህ የሚቀረውን ቅጂ አስፈርም። እምቢ ካሉ ወደ ከተማህ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ብቻ አትዘግይ፤ መብቱም በጊዜ ይታገዳል።

መባነኑ እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ለሐኪምህ ንገረው፤ ወራት ስላለፉት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቢያይህ ደስ ይለኛል። እግር የሚረግጠው ጭንቅላት ሲፈቅድለት ጭምር ነው።

ወደ ሥራ ስለመመለስ፦ ራጁን ሳላይ ቀን አልቆርጥልህም። እንዲህ ተጎድተው ወደ ሥራ የተመለሱ አሉ፤ የሥራ ዓይነት የቀየሩም አሉ። ያለ ክራንች፣ ሳታነክስ ስትሄድና በተጎዳው እግር ብቻ መቆም ስትችል፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ፌሮ መቁረጥና ማጠፍ ጠይቅ። ሶሌታው ይቆይ። ቁጢጥ ብለህ መነሳትና መሰላል መውጣት በፊዚዮቴራፒ ክፍል ተለማምደህ ሐኪምህ ሲፈቅድ ትወጣለህ፤ ያኔም የደህንነት ቀበቶ ሳትታሰር እንዳትወጣ። የሚቀጥለው ራጅ ምን እንዳሳየ ጻፍልኝ።